ሆዴ ችሎት የቀረበበት ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም አራት ጊዜ ከአጥር ኋላ። ጠዋት ቁርጠት፤ ወጥቼ ስመለስ ቀለል አለኝ። ከምሳ በኋላ መነፋት። ትናንት የባቄላ ቆሎ በልቻለሁ። ደም የለም። መቀነቴም የሚታሰረው በድሮው ቋጠሮ ነው፤ አልከሳሁም።

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሠላሳ ዓመት ዳዊት ሳስተምር የተማሪውን ስሕተት እየለየሁ እይዝ ነበር። ዓይኔ ደክሞ ከማስተማር ስቀር የሆዴን መያዝ ጀመርኩ። ክፉውን ቀን በቀይ ቀለም ልለይ አስቤ ነበር፤ ቀይ የቅዱሳን ስም መጻፊያ ነውና ተውኩት። ነጥብ ይበቃዋል።

የልጄ የአስካለ ባል ተሰማ፣ «ኮሶ ነው የያዘዎት፣ የኔታ፤ ይጠጡና ይገላገሉ» ይለኛል። ከዲንሾ ድረስ አስመጣልኝ። በመስከረም ሁለት ጊዜ ጠጣሁ። ትል የሚባል አላየሁም። ሁለቱንም ጊዜ ግን ሳምንቱ ከዳር እስከ ዳር ነጥብ ነው። ሦስተኛ አልጠጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ የአቦ ዕለት

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ቃሲም ከበሩ ላይ ጠራኝ። ቃሲም የአርሲ ሰው ነው፣ በዕድሜ እኩያዬ። ከሠራዊቱ ጋር መጥተን ጎባ ከሰፈርን ሦስት ዓመት ነው። መሬቱ ለተሰማ ሲመራ ቃሲም የተሰማ ገባር ሆነ። እኛ የምንበላውን ገብስ እሱ በአባቱ ማሳ ላይ ይዘራዋል። ይህን ሳስብ ቶሎ ወደ ሌላ ሐሳብ እሄዳለሁ።

ሚስቱ ፋጡማ ወተት በጮጮ አቀረበችልኝ። ወተት እንደማይስማማኝ ነጥቦቼ ነግረውኛል። ግን በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቀን አልጠጣም ብል የቃሲም ፊት ጠቆረ። «መርዝ ፈራህ፣ የኔታ?» አለኝ። አማርኛውን የለመደው ከወታደር ስለሆነ በአንተ ነው የሚያናግረኝ። ሰፋሪው እነዚህ ሰዎች ቤት መርዝ አለ እያለ እንደሚያወራ ያውቃል። ሆዴ ነው ብዬ መናገር ደግሞ አሳፈረኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጮጮውን ጨለጥኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ክፉ ቀን። ስድስት ጊዜ።

ጎብጬ ስመለስ ተሰማ አየኝ። «ትናንት የት በሉ?» አለ። ቃሲም ቤት ወተት ጠጣሁ አልኩት። ሌላ ሳይጠይቅ ወጣ።

ሲመለስ ቃሲምን በቁራኛ ይዞታል። የከሳሽ እጅና የተከሳሽ እጅ በአንድ ሰንሰለት፣ ዳኛው እስኪሰማቸው ድረስ። አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይተኛሉ።

«እሱ አይደለም። ሆዴ ድሮም እንዲህ ነው» አልኩት።

«እርስዎ ደግ ነዎት። ሊገድልዎት የመጣውንም ይሸፍኑለታል።»

ተሰማ ክፉ ሰው አይደለም። የፈራ ሰው ነው። ችሎቱ ዓርብ ነው። ከተፈረደበት ቃሲም ይገረፋል፤ የቀረችው ቁራሽ መሬትም ትሄድበታለች። ፋጡማ ከአጥራችን ውጭ ቁጭ ብላ ዋለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ወረቀቶቼን ዘርግቼ ቆጠርኩ። ነጥብ ያለበት ቀን ሠላሳ ስምንት።

ከኮሶ በኋላ፣ አሥራ አራት።
ባቄላና ሽምብራ፣ አሥራ አንድ። አብዛኛው ረቡዕ፣ ዓርብና ፍልሰታ።
ወተት፣ ስድስት። ሦስቱ ቃሲም ቤት፣ ሦስቱ እዚሁ ቤት።

የቀሩት ሰባት ቀኖች አስቸገሩኝ። ምንም ክፉ ነገር አልበላሁባቸውም። ደግሜ ሳነብ ገባኝ፤ ሰባቱም ተሰማ ዘመቻ ይሄዳል የተባለበት፣ ወይም ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የነበረበት ቀን ነው። ለካ ሐሳብም ሆድ ይቆርጣል።

ደህና ቀኖቼም ይመሳሰላሉ፦ የገብስ አጥሚት፤ ጥቂት በጥቂት መብላት፤ በዝግታ ማኘክ፤ ከምግብ በኋላ እስከ ወንዙ በእግር። በሽታው የሚገድል አይደለም፤ ጨርሶ የሚለቅም አይመስለኝም። ጠባዩን ካወቁት ግን አብረው ሊኖሩ ይቻላል። ይህን ያህል ስላሳየኝ አምላኬን አመሰገንኩ።

ነገ ይህን ሁሉ ችሎት ፊት አነባለሁ። አስካለ ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አባዬ፣ ከአጥር ኋላ የወጡበትን ቁጥር ሳይቀር? ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት?»

«ቁጥሩን ካላነበብኩ ደግነት ነው ይሉኛል።»

የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። እዚያው ቆሜ ቢይዘኝስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ያዘኝ።

ችሎቱ ከትልቁ ጥድ ሥር ነበር። ገና ነሐሴን እያነበብኩ ቆረጠኝ። «ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ» ብዬ ወደ ቁጥቋጦው ሮጥኩ። አንድ ወታደር ከኋላዬ፣ «የኔታ፣ ይህንንም ይመዝግቡት!» አለ። ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ተመለስኩ፣ መዘገብኩት፣ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ የማፍርበት ነገር አልቀረልኝም፤ ድምፄ እንኳ ጠራ።

ዳኛው አገጫቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ተሰማ ዞሩ።

«እኚህ ሰው አንተ ቤት በልተው ስንት ቀን ታመሙ?»

«ሠላሳ አምስት ነው ያሉት» አለ ተሰማ አንገቱን ደፍቶ።

«ከነኮሶህ?»

«ከነኮሶው።»

«እንግዲያስ ከዚህ ሰው በፊት አንተና ሚስትህ መቆራኘት ነበረባችሁ!»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ሰንሰለቱ ተፈታ። ቃሲም ማንንም ሳያይ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ሪዙ የሸበተ አንድ አሮጌ ወታደር እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «የእኔም እንዲሁ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽምብራ ነው ያሉት?» ስለ ሽምብራ ብዙ ተጫወትን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ቃሲም ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ተቀምጧል፤ የእጁ አንጓ አብጧል። «ኮቱ» አለኝ በራሱ ቋንቋ፣ ና ሲል፤ ግን እንደ ወትሮው አልተነሣም።

«ሆድህ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«አንተ አፈርክ፣ እኔ ታሰርኩ።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር ብያለሁም፣ አልልምም አላለም። ፋጡማ ምንም ሳትጠይቀኝ ለብ ያለ የገብስ አጥሚት አመጣችልኝ፤ ለካ ችሎቱን ቆማ ስትሰማ ኖሯል። ቀስ እያልኩ ጠጣሁ።

«የአባቴም ሆድ እንዲህ ነበር» አለ ቃሲም በመጨረሻ። «ጠዋት ጠዋት ከሰው ሁሉ ጋር ይጣላል። ከወጣ በኋላ ደግ ሰው ነው።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ግን ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ነጥብ የለም፤ ትናንትም አልነበረም። አስካለ ሳልነግራት የእኔን ድርሻ ለብቻው አነስ አድርጋ አቀረበችልኝ። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ሆዴን ስደብቅ ያን ያህል ዓመት ማጥፋቴ ይገርመኛል።

ተሰማ ከቅዳሴ መልስ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ሰቀለ። «ቃሲም ዘንድ ልሄድ ነው። አብረውኝ ይምጡ፣ የኔታ።»

«የእኔን ትናንት ብያለሁ። ያንተን ራስህ በል።»

«ምን ብዬ?»

«ስትደርስ ይመጣልሃል።»

ከተቀመጥኩበት የቃሲም በር ይታየኛል። ተሰማ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቆየ። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። እኔም አየሁት፣ ምንም ምልክት አልሰጠሁትም። ከዚያ አጎንብሶ ገባ። ከእኛ ሰፈር ወታደር ያለ ጠመንጃ በዚያ በር ሲገባ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፣ እስካሁን አልወጣም። ጩኸት አይሰማም። ሆዴም ዝም ብሏል። ተመስገን።