ወራጅ አለ

ሚያዝያ 18፣ 2009

ዛሬም አለፈኝ። ከታክሲው ካራ መውረድ ነበረብኝ፣ ኮተቤ ደረስኩ። «ወራጅ አለ» በሆዴ እላለሁ፣ እላለሁ… ከአፌ አይወጣም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሌላ ሰው ካራ እንዲወርድ ጸለይኩ። ማንም አልወረደም። ኮተቤ ላይ አንዲት ሴትዮ ስትወርድ ተከትያት ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ።

እትዬ ለሱቃችን ሳሙና አምጪ ብላ ነበር የላከችኝ። አባዶ ስደርስ መሽቷል። «ሳሙናውን ሲቀቅሉት ነው የጠበቅሽው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምን ልበላት?

እትዬ ብዙነሽ የእናቴ ታላቅ ናት። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እሷ ነች ያሳደገችኝ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ላይ ሳቋርጥም አልተቆጣችኝም። አስተማሪው «ተነስተሽ አንብቢ» ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ክፍሉ ሳቀ፣ በቃ… ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። እትዬ «የፍርሃት መንፈስ ነው» አለች። ይኸው እስከ ዛሬ እየጾመች ትጸልይልኛለች።

ሚያዝያ 21

ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር አየሁ። «ጭንቀት ያስቸግርዎታል? ባለሙያ በጽሑፍ ያማክርዎታል።» በጽሑፍ! ድምፅ የለው፣ ፊት የለው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ እንደ ልማዷ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አንቀላፋች። (ሁልጊዜ «ሌሊት ለጸሎት ስለምነሳ ነው» ትላለች።) ያኔ ጻፍኩ። «አንድ ጓደኛ አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት አትችልም። ይሄ በሽታ ነው?»

ላክሁትና ስልኩን የሩዙ ጆንያ ውስጥ ደበቅሁት። ሞኝ! ሩዝ ውስጥ ሲሆን መልስ አይመጣም?

ሚያዝያ 22

መለሰች። ናዝሬት ትባላለች። «ጓደኛሽ ብቻዋን አይደለችም» አለች። እንዲህ ያለው ፍርሃት ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ይታገዛል። ከዚያ ጠየቀችኝ፣ «ፍርሃቱ ሲመጣ ሰውነቷ ላይ ምን ይሰማታል?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እትዬ የምትጠይቀኝ «በህልምሽ ምን አየሽ?» እያለች ነው።

ጻፍኩላት። እጇ ይቀዘቅዛል። ምላሷ ይደርቃል። የሁሉም ዓይን ማጅራቷ ላይ ያረፈ ይመስላታል… ጽፌ ጽፌ ሲደክመኝ «ጓደኛዬ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ጠርጥሬ ነበር። እንኳን መጣሽ ሰርክ።»

በስሜ ስትጠራኝ አለቀስኩ። ለምን? እንጃ።

ሚያዝያ 30

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ሰው ባልበዛበት ታክሲ፣ ከረዳቱ አጠገብ ተቀምጬ። ትንፋሼን ቀስ ብዬ ማስወጣት። «ፍርሃቱ እስኪጠፋ አትጠብቂ። ይዘሽው ተሳፈሪ» አለችኝ።

«ለሱም ሂሳብ እከፍላለሁ?» አልኳት። በጽሑፍ ሳቀች። እኔ እኮ በጽሑፍ ቀልደኛ ነኝ።

ግንቦት 6

አልኩት!

ማለት… በሹክሹክታ። ረዳቱ ዞር ብሎ «ማነው? ወራጅ ነው ወይስ የጎማ ትንፋሽ ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ነደደ። ግን ካራ ወረድኩ፣ ካራ ራሱ! ታክሲው ከሄደ በኋላም ቆሜ እንቀጠቀጥ ነበር። አልሞትኩም።

ግንቦት 15

ከእትዬ ጋር ካራ ሄድን። እሷ ሳትቀድመኝ አልኩት። ከበፊቱ ይሻላል፣ ረዳቱ በአንዴ ሰማ።

እትዬ አንገቷን አዙራ አየችኝ። «አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

እዚያው ታክሲው ውስጥ እልል አለች። ረዳቱ «እናቴ፣ ሙሽራዋን ረስተን መጣን እንዴ?» አለ። እሷ ምን ሰምታ! ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ። «ሰማኝ! ጌታ ሰማኝ!»

ደስታዋን ሳይ ስለ ናዝሬት ልነግራት አልቻልኩም። በኋላ እነግራታለሁ…

ግንቦት 18

ምነው አፌን በያዝኩ ኖሮ!

እትዬ ለጸሎት ቡድኗ ነግራለች። ወንድም ገመቺስ፣ ቸርች ውስጥ ፕሮግራም የሚመራው፣ የመጪውን ሳምንት እሑድ ሰጥቶናል። ምስክርነት። «ከፍርሃት ነፃ የወጣች እህት።» መድረክ ላይ… በማይክ… ያ ሁሉ ሰው ፊት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ገና…»

«ገና አይባልም! በእምነት ተቀበዪ። ያልተመሰከረ ፈውስ ይወሰዳል።»

ነጭ ጫማ ገዝታልኛለች። ጠበበኝ። ልክ ነው አልኩ።

ፍርሃቱ እኮ አልሄደም። ይዤው ነው የተሳፈርኩት። ዳንኩ ብል እግዚአብሔር ቤት ውስጥ መዋሸት ነው። አልዳንኩም ብል እትዬን ሰው ፊት ማዋረድ። ዝም ብልስ? ዝም ማለት የለመድኩት ነው… ማይክ ይዞ ዝም አይባልም።

ግንቦት 19

ለናዝሬት ጻፍኩላት። «እምቢ በዪ» ወይም «እሺ በዪ» እንድትለኝ ነበር። አላለችም። «አክስትሽ ምን እንድታውቅ ነው የምትፈልጊው? እስቲ አስበሽ ጻፊልኝ» አለች።

ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።

ግንቦት 22

ዛሬ መልሱ መጣልኝ። «አሁንም እንደምፈራ እንድታውቅ ነው የምፈልገው» ብዬ ላክሁ።

አልሄደም። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ኢንተርኔት ተዘግቷል። ሱቅ የመጣው ሁሉ ስለዚያ ነው የሚያወራው። አምና ፈተና ሾልኮ ስለነበር ዘንድሮ ፈተናው እስኪያልቅ ነው አሉ። የአሥረኛ ነገ ይጀምራል። ባላቋርጥ ኖሮ እኔም ተፈታኝ ነበርኩ።

እስከ እሑድ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው?

ግንቦት 24

ምግብ አይወርድልኝም። እትዬ «ጾም ጀመርሽ? ጎበዝ!» አለችኝ።

ግንቦት 25

ሳሙና ልገዛ ካራ ወርጄ እግሬ ወደ ላይ ወሰደኝ፣ ወደ ጋራው። የእንጦጦ ጫፍ ነው፣ ባሕር ዛፍ ብቻ። ሰው አለመኖሩን አየሁና ጮህኩ። «ወራጅ አለ!» ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ? ደገምኩት።

«የት ልትወርጂ ነው ልጄ?»

ክው አልኩ። ከላይ አንዲት እናት፣ ከወገባቸው ተጎንብሰው፣ ጭራሮ ተሸክመው ይመጣሉ። ፊታቸው ከጭነቱ ሥር ነው።

«እ… እየተለማመድኩ ነው።»

«እዚህ እንኳ ታክሲ የለም!» ሳቃቸው ጭራሮውን አንኮሻኮሸው። «በይ ለኔም ጩኺልኝ። እኔም መውረዴ ነው፣ ትንፋሼ አልቆ ነው እንጂ።»

ጮህኩላቸው። ቁልቁል እያዘገሙ እንደ ረዳት «ዳር ያዝ!» አሉ። ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ። ደግሞ ወዲያው እሑድ ትዝ አለኝ።

ግንቦት 27፣ እሑድ

ሁሉንም ልጻፈው።

ታክሲ ውስጥ እትዬ ታስጠናኛለች። «መጀመሪያ ጌታ ይባረክ ትያለሽ። ከዚያ ድሮ እንዴት እንደነበርሽ። ከዚያ ያን ቀን ወራጅ አለ ያልሽውን። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ እሺ?» ጫማው ይቆነጥጠኛል። እጄ በረዶ። ቸርች ስንደርስ ማይኩን እንደምቀበል አወቅሁ። እንደምዋሽም አወቅሁ።

«ወራጅ አለ!»

ጋራው ላይ እንደጮህኩት ነው የወጣው። ረዳቱ ራሱ ደነገጠ።

«ምን ሆነሻል? ገና ነው እኮ!» አለች እትዬ።

ወረድኩ። ነጩ ጫማ ጭቃ ውስጥ ገባ። ታክሲው ሊሄድ ሲል እትዬ መጽሐፍ ቅዱሷን አቅፋ ተከተለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እትዬ፣ አልዳንኩም።»

«አታውሪው! በአፍሽ አታውጪው!»

«እየፈራሁ ነው ያልኩት። ያን ቀንም። አሁንም። እጄን ንኪው።»

ነካችው። አልለቀቀችውም። ስለ ናዝሬት ነገርኳት፣ ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ቤት ሥራው።

«ወንድ ነው?»

«ሴት ናት።»

«አማኝ ናት?»

«አልጠየቅኋትም።»

ሁለት ታክሲ ጡሩንባ እየነፋ አለፈን። እትዬ እጄን ለቀቀች። «እኔ ስጾም፣ እኔ ሳለቅስ… አንቺ አይተሻት ለማታውቂ ሴት?»

«አንቺ ትጸልይልኛለሽ። ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እንዲህ አልኩ። እኔ! ልመልሰው ፈለግሁ… ወጥቷል። ከዚያ እስከ ቸርች በእግራችን ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

መዝሙር አለቀ። ወንድም ገመቺስ «እህታችን ሰርክ!» ብሎ ማይኩን ዘረጋ። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ ሳልነሳ እትዬ ተነሳች። ማይክ አልያዘችም። «ገና ናት ወንድም ገመቺስ። መንገድ ላይ ናት። ጸልዩላት» አለችና ተቀመጠች።

«አሜን» አሉ። ሌላ ሰው ተጠራ።

እኔን አላየችኝም። ብቻ ቆይታ ከነጠላዋ ሥር እጄን ያዘችው። እጇ ከእጄ ይበልጥ ይቀዘቅዝ ነበር።

ግንቦት 29

አኩርፋኛለች። ሳህኔ ላይ ግን ትልቁን ሥጋ ታደርጋለች።

ሰኔ 2

ኢንተርኔቱ መጣ። ቆሞ የነበረው መልእክት በራሱ ሄደ። ናዝሬት «ነገርሻት?» አለች። «ነገርኳት። አኩርፋለች» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል እትዬ አላንቀላፋችም። የታጠፈ የስኳር ከረጢት እየፈታች መልሳ ታጥፋለች።

«ያቺ ሴትዮ…» አለች ሳታየኝ።

«ናዝሬት?»

«እሷ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለውስ ታውቃለች? ልብ ዝም ብሎ ድም ድም ስለሚለው? ጸሎት እየጸለዩም?»

«ማንን ነው እትዬ?»

«ጓደኛ አለችኝ» አለች።

ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። አልሳቅሁም። ይሄን ያህል ጊዜ እኔም አልጠየቅኋትም… ስልኬን አወጣሁና ከጎኗ ቁጭ አልኩ።

«ሌሊት ሲሆን ሰውነቷ ላይ ምን ይሰማታል?» አልኳት።