የአምስተኛው ሲቲ ስካን ወረቀት

ለእማዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ በሙሉ አእምሮዬና ማንም ሳያስገድደኝ የምናዘዘው ነገር አለኝ፦ አክስቴ ለዶክተሩ ብላ የገዛችውን ብስኩት የበላሁት እኔ ነኝ። ካርቶኑን መልሼ አሽጌው ስለነበር ትናንት ዶክተሩ የተቀበሉት አየር ነው። አመስግነዋል።

ይህን ካራገፍኩ በኋላ፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? የስፌት ፋብሪካው ወንበር መደገፊያ ተሠራለት ወይስ አለቃችሁ አሁንም «ነገ» እያሉ ነው? እኛ ደህና ነን። አክስቴ ደህና ናት፤ ድምጿም ደህና ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል። አያቴ አባባም ደህና ናቸው፤ ጋራዥ ከተዉ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ጆሯቸውን አዘንብለው ሞተሩን ያዳምጣሉ። ራት ላይ ግን ሦስት ሰው ተቀምጠን የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ነው።

በእኔ ጭንቅላት የተነሳ ተጣልተዋል። አክስቴ «ይቺ ልጅ በጨረር አለቀች፤ ትንሽ ከቆየች መብራት ሲጠፋ ጣሪያ ላይ ሰቅለናት ነው የምናነበው» ትላለች። አባባ ደግሞ «መኪና እንኳ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይፈተሻል፤ የልጅ ጭንቅላት ከመኪና ያንሳል?» ይላሉ። «ታዲያ እርስዎ የፈተሿቸው መኪኖች አሁን የት አሉ?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

የመጀመሪያውን ሲቲ ስካን ታስታውሻለሽ፤ ከትምህርት ቤት ደረጃ ተንከባልዬ ሳስመልስ የተነሳሁት። ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የፈሰሰው ደም ባይታይ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አይኖርም ነበር። ሁለተኛው ደሙ መጥፋቱን ለማየት ነው። ሦስተኛው ራሴን ሲያመኝ። አራተኛውም፣ እንግዲህ፣ ራሴን ሲያመኝ። አራቱንም ጊዜ መጣሽ። አለቃችሁ ማህተም ያለበት የሐኪም ቤት ወረቀት ካላዩ ፈቃድ አይሰጡማ። ሦስት ሦስት ቀን። ፀጉሬን ሠራሽኝ፣ አልጋዬ ላይ አብረሽኝ ተኛሽ። ከሄድሽ በኋላ ትራሱን ለሳምንት አላገላብጠውም።

ባለፈው ሳምንት የተመላላሽ ክፍሉ ሐኪም «ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምሻል?» ሲሉኝ «ስምንት» አልኩ። ስምንት ጥሩ ቁጥር ነው፤ አስር ያስጠረጥራል፣ ስድስት በኪኒን ያስሸኛል። አምስተኛውን ጻፉልኝ።

ትናንት ማሽኑ ክፍል ስንደርስ ግን ዶክተሩ የድሮዎቹን ፊልሞች አምጡ አሉ። አክስቴ አመድ መሰለች። ፊልሞቹ አባባ መኝታ ቤት መስኮት ላይ ናቸው! መስታወቱ ከተሰበረ ጀምሮ ፀሐይ በእኔ ጭንቅላት በኩል ነው የምትገባላቸው። ሄዳ ነቅላ፣ ፕላስተሩ እንደተለጠፈባቸው አመጣቻቸው።

ዶክተሩ አክስቴን ወደ ካርድ ክፍል ላኩና ፊልሞቹን መብራቱ ላይ ደረደሩ። «አንድ የራስ ሲቲ ስካን እንዲሁ ስንኖር ከምድርና ከሰማይ በስምንት ወር ገደማ የሚደርሰንን ጨረር ያህል ነው። አትበሪም፤ አክስትሽን ንገሪያት። አደጋው ትንሽ ነው፣ ግን ይደማመራል፣ ለልጅ ደግሞ ይከብዳል። በመጀመሪያው ቀን ትርፉ ሕይወትሽ ነበር። የሚያስፈልግ ከሆነ አሥረኛውንም አነሳሻለሁ። የማያስፈልግ ከሆነ ግን ያቺ ትንሿም ትበዛለች። ስንት ያምሻል?»

መዘንኩት እማ። በአንድ በኩል የስምንት ወር ጨረር፣ በሌላ በኩል የአንቺ ማበጠሪያ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደ ማበጠሪያው አጋደለ። ከዚያ ግን ፊልሞቹን አየኋቸው። በየጥጋቸው ቀን ተጽፏል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንቺ ቤት የነበርሽው በእነዚያ ቀኖች ብቻ ነው። ዶክተሩም እኔ የማየውን ያዩ መሰለኝ።

«ዜሮ» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አሰርኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

አልተቆጡኝም። ወረቀቱን መለሱልኝና «እውነት ራስሽን ሲያምሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሮጠሽ ነይ። ሌላ የሚያምሽን ግን ይሄ ማሽን አያነሳውም» አሉኝ።

አክስቴ ቀጠሮው የተላለፈ መስሏት፣ ለአለቃችሁ እንድታሳዪው ወረቀቱን ፖስታ ቤት ውሰጂ ብላኛለች። ይህን የምጽፍልሽ በጀርባው ነው፤ ተመልሼ ሐኪም ቤት ይዤው እንዳልሄድ። ማህተሙ በወዲያኛው ገጽ ነው። አለቃችሁ ወረቀት ገልብጠው ያነባሉ ወይስ አያነቡም፣ እኔ ምን አውቄ። ካነበቡ ግን፦ ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ልጅቷን ምንም አላመማትም። ቢሆንም ሦስት ቀን ይስጡልኝ።

ወገብሽን ያሽርልሽ፣ መርፌው ጣትሽን አይንካው፣ መንገድሽን ያሳጥርልሽ።

የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጅሽ፣ ፌንጣ

ይቺን ልጨምር፦ ትናንት ዶክተሩ ጋ የቀሩትን ፊልሞች ልታመጣ ዛሬ ጠዋት ሐኪም ቤት የሄደችው አክስቴ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ፊልሞቹን፣ በሌላው የብስኩቱን ካርቶን ይዛለች። ዶክተሩ መልሰውላታል ማለት ነው። ሌላም የነገሯት አለ መሰለኝ።

«ፌንጣ» አለችኝ። አልጮኸችም።