ከኋላሽ ያለው መስኮት

የኔ ዓለም፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ የምታድሪበት ቤት ይሙቅልሽ። እኛ ደህና ነን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ በስፌት መኪናዬ ድምፅ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ቀና ስል አንቺ በሩ ላይ የቆምሽ ይመስለኛል።

እህትሽ ሚጡ ግን አስጨንቃኝ ነበር። ስልኳ ላይ እንደምታያት ቀጭን ልጅ ልሁን ብላ እህል አልቀምስ አለች። ቀሚሷን ደጋግሜ አጠበብኩላት። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች!

ኋላ መምህሯ ፎቶ እንዴት እንደሚታይ አስተማረቻቸው። "ሰውን ተዉትና ከኋላው ያለውን እዩ" ብላቸዋለች። ሚጡ የዚያችን ቀጭን ልጅ ፎቶ ስልኳ ላይ ከፍታ እየሮጠች መጣች።

"እማ፣ ተመልከቺ! ወገቧ ጋ በሩ ጎብጧል! በስልክ ነው ያቀጠኗት!"

እውነትም በሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ጥላ ተጣሟል። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ ገበታው ተመለሰች። ባለፈው "ጨምሪልኝ" ስትለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አመሏ እኔም ላይ ተጋባብኝ መሰለኝ፣ የላክሽልኝን ፎቶ ትናንት ከግድግዳው አውርጄ አየሁት። ያንን ጉንጭሽ ሞልቶ የሚታይበትን፣ ለጎረቤቱ ሁሉ "አገሩ ተስማምቷታል" እያልኩ ያሳየሁትን። ጉንጭሽ ጋ የመስኮቱ ጠርዝ ወደ ውጭ ጎብጧል።

አልተቆጣሁም፤ እናቴ አታስብ ብለሽ ነው። ፎቶውን ግን ወደ ግድግዳው አልመለስኩትም።

መልአክሽ ካጠገብሽ አይራቅ። አደራ ልጄ፣ ብትከሺም ራስሽን ላኪልኝ። መስኮቱ ቀጥ ብሎ ይታየኝ።

እናትሽ