የሚያፈሰው ሽቦ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ጎረቤትህ ወይዘሮ ቪብከ አሁንም ከውሻዋ ጋር እየተጨቃጨቀች ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋኑም ለቀቀኝ። ወሬውን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

የፓሪሱ የልኬት ቢሮ ሰዎች መጥተው ነበር። እንደ ልማዳቸው የራሳቸውን የቮልት መለኪያ በሣጥን ጭነው አምጥተው ከኛው ጎን ተከሉትና ሁለቱን አገናኘናቸው። ቮልቱን የሚያወጣውን የኛን ቺፕ ቀዝቃዛው ሂሊየም ውስጥ ያጠለቅነው ሽቦዎቹን በያዘው፣ አንተ በሠራኸው ዘንግ ነው። የሁለቱ ልዩነት ዜሮ መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኢምንት ነው፤ የአገሩ ቮልት መለኪያ ሁሉ ከሚስተካከልበት ክፍል ለተቀመጥን ለኛ ግን ውርደት ነው። ቁጥራችንን ደግሞ አስረክበናል። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ የሌላውን ካየህ በኋላ የራስህን መነካካት የለም።

አለቃዬ ኤካርት ያን የአባትሽን አሮጌ ዘንግ ወዲያ ጣይው፣ አዲስ እናዛለን አለኝ። ደሜ ፈላ። አባቴ የሠራው ሲያፈስ አይተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። የፓሪሷ ማኤል ሳቀችና ቺፑስ አይዋሽም፣ አባትሽም አይዋሽም እንበል፣ ሽቦውን ግን እንጠይቀው አለች።

ጠየቅነው። ቺፖቹን አቀያየርን፤ ያው ነው። በኋላ የሽቦዎቹን ልባስ ብንለካ አንዱ ኤሌክትሪክ ያፈሳል። ዘንጉን ፈታሁት። ጡረታ ልትወጣ ስትል በዚያ ጸደይ ያደስከው መጋጠሚያ ላይ የብየዳው ቅባት ሳይጠረግ ደርቆ ቀርቷል፤ የሚያፈሰው በሱ በኩል ነው። አንተ! ብየዳሽን ሳታጥቢ ምሳ የለም እያልክ ጆሮዬን ያደነቆርከኝ ሰውዬ!

የብየዳው እርሳስ ተጓጉሏል። አጠገቡ ያለው ልባስ፣ መበየጃው እየዘለለ የነካው ይመስላል፣ እዚህም እዚያም ተለብልቧል። የድሮዎቹ መጋጠሚያዎችህ ግን የሰዓት ሠሪ ሥራ ናቸው። ማኤልም አየችው፤ ሻይ ላምጣልሽ ብላ ወጣች።

አጥቤ እንደገና በየድኩት፤ አሁን ሁለቱ መለኪያዎች ልክ ለልክ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ግን ከነምክንያቱ ይታተማል። ኤካርት መጋጠሚያው መቼ እንደተሠራ ጻፊ አለኝ፤ ጻፍኩ። ብትናደድም ተናደድ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዘንጉ እንደሆነ አይጣልም፤ እዚያው ይሠራል።

ያን ጸደይ መላልሼ አሰብኩት። ቡናህን ግማሽ ኩባያ ብቻ መቅዳት ጀምረህ ነበር። ከዚያ ድንገት ሥራው ሰለቸኝ ብለህ ወጣህ። የልደቴንም ካርድ በእጅህ መጻፉን ትተህ በኮምፒዩተር ጽፈህ ላክህልኝ፤ እኔ ሞኟ ደግሞ ምን ቢንቀኝ ነው ብዬ አኮረፍኩ። አባዬ፣ ስለ እጆችህ ለምን ዝም አልከኝ?

እሁድ እመጣለሁ። ድንቹን እኔ እልጣለሁ፣ አንተ ተቀምጠህ አላላጥሽ አላማረም እያልክ ትነዘንዘኛለህ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ እጽፋለሁ ብለህ እንዳትለፋ፤ ደውልልኝ ብቻ።

እግዜር ያበርታህ። ሁለቱንም እጆችህን ስሜያለሁ።

ልጅህ