«የቤተሰብ ጨዋታ ነው» ላሉት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ቶሚጁዲን
የወንዝ ማዶው ፈትል ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ
ናራያንጋንጅ

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለልጆችዎ ዕድሜ፣ በተለይም ለሆድዎ ሰላም እመኛለሁ፤ የሆድ ሰላም ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ ባለፈው ሐሙስ ተምሬአለሁና።

እኔ በፋብሪካዎ ይሠራ የነበረው የሟቹ የላል ሚያ ሚስት፣ እዚያው አብሮት ይሠራ የነበረውና በእርሱ ሞት የታሰረው የሮንጁ ታላቅ እህት ሞርጂና ነኝ። የሞተውም የገደለውም የእኔ በመሆኑ ለማን አስቀድሜ እንደማለቅስ ግራ ገብቶኝ እስካሁን አላለቀስኩም። ጎረቤቶቼ በዚህ ያሙኛል። እኔ ሩዝ እቀቅላለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ፤ ሌላ ምንም አይሰማኝም።

የባለቤቴን የምሳ ሣህን ልወስድ የመጣሁ ዕለት ከቢሮዎ ድረስ ወጥተው «እህቴ ሞርጂና፣ የሚስት ወንድም ከእህቱ ባል ጋር መቀለዱ ያገራችን ወግ ነው። የቤተሰብ ጨዋታ ነው፤ ፋብሪካው ምን አገባው? ፍርድ ቤት ስትጠሪ ይህንኑ በይ፣ ወንድምሽም ቶሎ ይፈታል» ስላሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልሴን ግን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ ወጋችንን ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፤ ሮንጁ በሠርጋችን ዕለት የላል ሚያን ጫማ ደብቆ በባዶ እግሩ አስቀርቶታል፣ ጣፋጩ ውስጥም በርበሬ ከቶበታል። ባለቤቴም እስከ ሞተበት ሳምንት ድረስ «ይሄ ሌባ ወንድምሽ ጫማዬን መቼ ነው የሚመልሰው?» እያለ ይስቅ ነበር። ሆኖም ክቡርነትዎ፣ በቤታችን ጨዋታ ጫማ ይጠፋል እንጂ ሰው አይጠፋም፤ አየር የሚነፋ ኮምፕሬሰርም የለንም።

2ኛ/ የሠራተኛውን መታጠቢያ ቤት በጥበብዎ የጥጥ መጋዘን ካደረጉት ወዲህ፣ ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ተሰልፎ በማሽን ማጽጃው የአየር ቱቦ ከገላው ላይ የጥጡን ብናኝ እርስ በርስ ይነፋፋል። ቱቦው ጫፉ ላይ አየር ማፍሰስ ሲጀምር አዲስ እንዲገዛ ተለምኖ ሰሚ ስለጠፋ፣ ላል ሚያ ከአሮጌው ቀይ የሳሪ ልብሴ ቀድጄ በሰጠሁት ጨርቅ ጠቅልሎ አሰረው። ፋብሪካዎን እንዲህ አድርጎ ይወድ ነበር።

3ኛ/ ፎርማንዎ ኮሊም ሚያ ለሠራተኛው ሳቅ የሚያስብ ሰው ነው። ቀጫጫ ሰው ባየ ቁጥር «ጎማህ ተንፍሷል፣ ና ንፋስ እንሙላህ!» ማለት የእርሱ ፈጠራ ሲሆን፣ እርስዎም እንግዳ ሲያስጎበኙ ሰምተው ስቀዋል ይባላል። ሐሙስ ዕለትም ወንድሜን «የሚስቱ ወንድም ሆነህ ትፈራዋለህ እንዴ? ንፋው እንጂ!» አለው። ሮንጁ ቱቦውን ከኋላው በሽርጡ ሥር ሰድዶ አየሩን ለቀቀበት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ጥርስ ባዳ ነው፣ ላል ሚያም መጀመሪያ ስቆ ነበር አሉ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

4ኛ/ ኮሊም ሚያ ሐኪም ቤት አድርሶት፣ የአየሩን ነገር ማንሳት ለፋብሪካው ነውር መስሎ ስለታየው «የበላው ዓሣ ተጣልቶት ነው» አለ። ሐኪሙም አምኖ የቁርጠት መድኃኒት ሰጠው። ባለቤቴ አፍሮ፣ ወንድሜ ፈርቶ ዝም አሉ። ሮንጁ እያለቀሰ እውነቱን ሲያወጣ የባለቤቴ አንጀት ተቀዶ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለ ቱቦው ወንድሜን አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል፤ ስለዚያ ዝምታ ግን አላውቅም።

5ኛ/ በማግሥቱ በሩ ላይ «በሥራ ቦታ መቀለድ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ስላስለጠፉ አመሰግናለሁ። ኮሊም ሚያ ሥራው ላይ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱም እንደተቆለፈ ነው፣ የታሰረው ሮንጁ ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ያስጠኑኝን ቃል ብናገር ወንድሜ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ካልተናገርኩ ታስሮ ሊቆይ እንደሚችልም አውቃለሁ፤ እናቴም ይህን ከሰማች በኋላ አታናግረኝም። እኔ ግን ፍርድ ቤት ስቀርብ ቱቦውን የያዘው ሮንጁ፣ ያዘዘውም የዋሸውም ኮሊም ሚያ፣ የመታጠቢያውን ቁልፍ የያዙት እርስዎ መሆንዎን እናገራለሁ። ወንድሜ የድርሻውን ይሸከም፤ የእርስዎን ድርሻ ግን አይሸከምልዎትም። ለክቡርነትዎም ከጎኑ የክብር ወንበር እንዲያዝልዎ ዳኛውን በትሕትና እለምናለሁ።

በአንድ ሐሙስ ባሏንም ወንድሟንም ለፋብሪካዎ ያበረከተች፣ ስለ ሥራዎ መቃናት ዘወትር የምታስብ፣
አክባሪዎ ሞርጂና

ማሳሰቢያ፦ የምሳ ሣህኑን ልወስድ በመጣሁባት ዕለት ሊያጽናኑኝ ከመውጣትዎ በፊት፣ ኮትዎ ላይ የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ ዘበኛዎ በአየር ሲያራግፍልዎ በመስኮቱ አይቻለሁ። የቱቦው ጫፍ በቀይ ጨርቅ እንደታሰረ ነው። ጨርቁ የእኔ ነው፤ ይመለስልኝ።