የዕቃ ቤቱ ክስ

ልጄ ሙላት፣ የኪየቭ ብርድ ይራራልህ፤ እመቤቴ በጥላዋ ታኑርህ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

አባትህ ከገበዝነት ከወረዱ በኋላ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢያስፈራራቸው የማርያምን ዕቃ ቤት መጋዘን ይሁን ብለው ፈረሙ። አዲሱ ገበዝ ቄስ ተገኘ ንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ።

ዳኛው «ሲፈረም ገበዙ ማን ነበር?» አለኝ።

«ቄስ ተገኘ ናቸው። ቁልፉን ቀደም ብዬ ያስረከብኋቸው እኔ ነኝ» አልሁ።

ገበዝ ሳይሆኑ የፈረሙት ፊርማ ፈረሰና ዕቃ ቤቱ ለማርያም ተመለሰ። አባትህ ግን «በአደባባይ አዋረድሽኝ» ብለው ማዕዳቸውን ከእኔ ለይተዋል።

አደራህን፣ ለእርሳቸው ለብቻቸው ጻፍላቸው፤ ክሱን አታንሣ። ዓይናቸው ስለ ደከመ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ አጠገቤ ይቀመጣሉ።

በሄድህበት እግርህ አይሰናከል።

እናትህ ተዋበች