በረዶ የነካው መድኃኒት

ማክሰኞ

ለማንም ያልነገርኩት ይህ ነው፦ የባሌን የሰይድን ኢንሱሊን በረዶ ያስነካሁት እኔ ነኝ።

የአዋሽ ሙቀት የስኳር መድኃኒቱን እንዳያበላሽበት ብዬ ከጎረቤት ፍሪጅ በረዶ ቤት ከተትኩት። ጠዋት በረዶ ሆኖ አገኘሁት። በመዳፌ አሙቄ አቀለጥኩትና ዝም አልኩ። ሰይድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ይዞት ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ ሄደ። በየቀኑ ይወጋው ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ኃይል አልነበረውም። መንገድ ላይ ዲቾቶ ከተማ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በዚያው ሞተ። አላህ ይዘንለት።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። በኋላ ከልጄ ከሐዋ ደብተር ፊደል ለቃቀምኩ። ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያ መስመር ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ነበር፦ «ኢንሱሊንን በረዶ አይንካው።» እዚያው ቁጭ አልኩ።

ረቡዕ

የስኳር ሕሙማን ማኅበር ግቢዬ ተሰበሰበ። እኔ ስኳር የለብኝም፤ ጥላና ምንጣፍ አዋጣለሁ፣ ወረቀት አነብላቸዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት አብሬያቸው እስከ ባቡር ጣቢያው እራመዳለሁ።

ባለሱቋ ዘይነባ ኢንሱሊን ከጀመረች ወር አልሞላትም። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ።

«በረዶ ገዝቼ ውስጡ ብቀብረውስ?» አለች።

«አይ ነጋዴ! መላ መች ይጠፋሻል» ብለው ሌሎቹ ሳቁ።

አፌን ከፈትኩ። ከየት አወቅሽ ቢሉኝስ? «ሻይ ልድገማችሁ?» አልኩ። ፈሪ።

ሻያችን ስኳር የለውም። ሰይድም እንዲሁ ፊቱን እያጨማደደ ይጠጣ ነበር። «ሐኪሙ ስኳር እንጂ አንቺን አልከለከለኝም» ይለኝ ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ከኩርባው ላይ ሁለቴ ጥሩንባ ይነፋል። እስካሁን ሁለቴ የሚነፋ መኪና ስሰማ እነሳለሁ።

ሐሙስ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ዘይነባ ሱቅ ሮጥኩ። በረዶው ባልዲ ሙሉ ነው፤ ብልቃጡ በእጇ።

«ተይ፣ ዘይነባ!»

«ምነው እትዬ መዲና? ማን ሞተ?»

«ሰይድ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

ዘይነባ በረዶውን ደጅ ደፋችው፤ ፍየሎች መጥተው ላሱት። ከዚያ ሁለት ሸክላ ፈልገን፣ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጠን፣ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሞላነው። መድኃኒቱ ትንሹ ውስጥ ገባ። የጤና ጣቢያዋ ነርስም አይታ «እንዲህ ነው» አለች።

ዓርብ

የዘይነባ ስኳር ወርዷል። «መድኃኒቱ ሸክላው ውስጥ ተመችቶታል፤ እኔም ልግባ እንዴ?» አለችኝ። ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ።

ሐዋ ሰመራ አስተማሪ ናት። አባቷ በተነሳ ቁጥር «ራሱን አልጠበቀም» ትላለች። እኔም ሰምቼ ዝም።

ነገ በሰመራው መኪና እሄዳለሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም።

ሐዋ፣ ይህ ደብተር ላንቺ ነው። አባትሽ አንድም ቀን መርፌውን አልዘለለም።